ከዝናቡ ድምፅ ሥር የነበረው ሹክሹክታ

ዛሬ ጀልባ ላይ ወጣሁ። ሐይቁን ላለማየት ከሐይቁ በላይ ሙቱንጎ ሰፈር ያለውን ቤቴን መስኮት በመጋረጃ የምሸፍነው እኔ!

ደሴት ላይ የምትኖረው እህቴ ወልዳለች። የእኔ ሐሳብ ሊጠይቃት የሚሄደውን ባለቤቴን ብሩክን እስከ ውሃው ዳር መሸኘት ብቻ ነበር። ጀልባዋ ስትመጣ ግን እግሬ ቀድሞኝ ገባ።

ብሩክ አየት አደረገኝና "ሠራ ማለት ነው" አለ።

"ምኑ?" አልኩት።

ለካ ስንተኛ በስልኩ የሚከፍተው የዝናብ ድምፅ ዝናብ ብቻ አልነበረም። ከሥሩ ጆሮ የማይለየው ሹክሹክታ አለበት፤ ውሃ አያስፈራም የሚል፣ ያውም በእንግሊዝኛ። ወራት ሙሉ ሲያሰማኝ ከርሟል።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ድምፁን የሠሩት ሰዎች ካወቅሽ አይሠራም አሉኝ።"

ልቆጣው ወይስ ላመስግነው ሳልወስን ደረስን። (እሱም ያንኑ ዝናብ እየሰማ ነው የሚተኛው። ዛሬ ግን የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨብጦ ዳዊት ሲደግም ነበር።)

ሕፃኗን እንዳቀፍኩ ለእህቴ ነገርኳት። "የምን ሹክሹክታ? ስለናፈቅኩሽ ነው የመጣሽው" አለችኝ።

ይሆናል። ግን ስትናፍቀኝ የኖረችው እህቴ ዛሬ ብቻ ነው እንዴ የናፈቀችኝ? ድፍረቱ የዝናቡ ከሆነስ፣ ሳልሰማው ሌላ ምን ነግሮኝ ይሆን?

የምንመለሰው ነገ ነው። ብሩክን ዛሬ ያንን ነገር እንዳትከፍት ብዬዋለሁ። ነገ ጀልባዋ ስትመጣ እግሬ ምን እንደሚያደርግ ማየት እፈልጋለሁ።

እናንተስ፣ ከራሳችሁ ይምጣ ከሌላ ሳታውቁት ያደረጋችሁት ነገር አለ? እስቲ ጻፉልኝ፤ እኔ ግራ ገብቶኛል።