ያልሰበርኋት የካሴት ጥርስ

የዚያን አርብ ጠዋት የካሴቷን ጥርስ ሳልሰብር ከሱቄ ወጣሁ። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ራዲዮ እየጠገነና የሰው ድምፅ እየቀዳ ለሚኖር ሰው፣ ይህ ቄስ መስቀሉን ረስቶ ቅዳሴ እንደመግባት ያለ ቂልነት ነው። ስልክ በየኪሱ ሳይገባ ወገኖቻችን ደብዳቤያቸውን በካሴት ቀድተው፣ መተማ ድረስ በጭነት መኪና ሾፌር ይልኩ ነበር። ከካሴት ጀርባ ያለችው ትንሽ ፕላስቲክ ከተሰበረች በላይዋ ሌላ መቅዳት አይቻልም። እኔ «ጥርስ» እላታለሁ። ደንበኛው ፊት በመፍቻ ቀጭ አድርጌ ሰብሬ እጎርር ነበር።

ሐሙስ ዕለት ደረቅ ባሚያ የምትሸጥ የቅማንት ሴት መጣች። ጭልጋ ያለች እህቷ በጽኑ ታማለች። በእናታቸው ቀብር ላይ በወጣ ቃል ተኳርፈው ዓመታት አልፈዋል።

«በአማርኛ ነው የተጣላነ፤ በእናታችን አፍ ካልሆነ አንታረቅም። በል ውጣ» አለችኝ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ቅማንትኛ አንድ ቃል አልሰማም።»

«አንተ ባትሰማ በሩ ይሰማል።»

አርባ ዓመት የሞላኝ ሰውዬ ከገዛ ሱቄ ተባርሬ ፀሐይ ላይ ተቀመጥሁ። በሳንቃው ስንጥቅ ለቅሶዋ መጣ፤ ቀጥሎ ሳቋ፤ ቀጥሎ ረጅም ቁጣ። ግማሽ ሰዓት ያህል አወራች። ካሴቷን ቅዳሜ ጠዋት ለሚነሣው ሾፌር ልሰጥላት ኪሴ ከተትኋት።

አርብ ከቀትር በኋላ ከካርቱም የመጣ ገጣሚ በኢትዮጵያውያን ኮሚኒቲ አዳራሽ ግጥም አነበበ። ቅጂ ፈልጎ ነበርና ቴፔን ይዤ ፊት ተቀመጥሁ፤ ኪሴ ውስጥ ያገኘኋትን ካሴት ከተትሁበት። ግጥሙ ስለ ቅማንት ነበር። ሰዎቹ ሞፈርና ቀንበር የማያውቁ፣ ጉም ውስጥ ዛፍ የሚስሙ፣ ከወፍ ጋር የሚያወሩ ሆኑለት። «ጥንታዊው ቋንቋ» እያለም ከራሱ የፈጠራቸውን ቃላት ዓይኑን ጨፍኖ አንቆረቆራቸው። መዝጊያው እንዲህ ነበር፦

አፍሽ ተቀበረ ካያትሽ ጋር አብሮ፣
ላይነገር ዳግም፣ ላይሰማ ዘንድሮ።

ለምን ዘንድሮ ብቻ እንደሆነ አልገባኝም፤ ቤት ለመምታት ይመስለኛል። ያኔ ግን ከሁሉ በላይ ያጨበጨብሁ እኔ ነበርሁ። እንዲያውም እንባዬ መጥቶ ነበር፤ የኔ ነገር!

ከዚያ ገጣሚው አብሮኝ ሱቅ መጣና ካሴቷን አጫወትሁለት። ግጥሙ አለቀ፣ ጭብጨባዬ በቆርቆሮ ላይ እንደወረደ በረዶ ተንጫጫ፣ ቀጭ አለ። ወዲያው የሴትዮዋ ቁጣ ከመሐል ቀጠለ። በእሷ ካሴት ላይ ቀድቻለሁ።

«ያን የሴትዮ ጫጫታ ቆርጠህ ቅዳልኝ» አለኝ ገጣሚው።

ቀበርሁት ያለው ቋንቋ ጆሮው ሥር እየጮኸ ነበር። ልነግረው ይገባኝ ነበር። «እሺ ጌታዬ» አልሁት። እስከ ዛሬ የሚመርረኝ ከግጥሙ ይልቅ ይህች «እሺ» ናት።

ቅዳሜ ማለዳ ለሴትዮዋ ነገርኋት። ጆንያዋ ላይ ተቀምጣ ሰማችኝ።

«ይቅርታው?»

«ጠፍቷል።»

«ስድቡስ?»

«እሱ ሙሉ ነው።»

ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከመሐል ተቆረጠ። «እስቲ በላዬ የተኛውን አሰማኝ።»

አሰማኋት። የፈጠራ ቃላቱ ጋ ስንደርስ ቀና አለች። «ይኼ ምንድን ነው?»

«የናንተ ቋንቋ ነው ይላል።»

«ወግድ! እኔ እዚህ ባሚያ እየሸጥሁ ማንን ነው የሚቀብረው?»

መኪናው ሞተሩን አስነሥቷል። «እትዬ፣ ድገሚው፤ ሾፌሩን ለምኜ አቆመዋለሁ» አልኋት። አፏን ወደ ቴፑ አስጠጋች፣ ከፈተችው፣ ዘጋችው።

«አንተ ልጅ፣ ለቅሶ በትእዛዝ ይመጣል? ሲመጣልኝ እመጣለሁ።»

መኪናው ሄደ። ለሰሊጥ አጨዳ ሰው ሲወጣ እሷም ወደ ዶካ እርሻ ወረደች አሉኝ። ከዚያ የሚያልፈውን ሾፌር ሁሉ ጠየቅሁ፤ ያያት የለም። እህትየዋም ይቅርታውን ሳትሰማ አርፋ እንደሆነ የነገረኝ የለም።

ያን ሰሞን ለእሷ ያስቀመጥሁት ባዶ ካሴት አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ካሴት የሚያጫውት ሰው ጠፋ፣ የራሴም ጥርስ አለቀ። ግማሽ ሰዓቷ ግን እኔ ዘንድ ነው፤ አልከፈልኋትም።