አንዱ የተዋበች በሬ

በንጉሡ ጊዜ ነው፤ የእርጥብ ማገጥ ሽታ ዛሬም ከተዋበች አፍንጫ አልጠፋም። ያን ሣር በልቶ ሆዱ የተነፋውን በሬዋን፣ ከጎረቤት ጋር የምታቀናጀውን አንድዬውን፣ በደጇ ስታሯሩጠው በወገዳ መንገድ የሚያልፉ ሽማግሌ ቆሙ። በርኖሳቸው የተጣፈ ነው፤ ወገባቸውን በቀንበር ምራን ታጥቀዋል፤ በሬ ግን አብሯቸው የለም።

«ምን ሆነሽ ነው የምታሯሩጪው?»

«በቅሎዬን ሆዷን ሲነፋት ያዳናት ሩጫ ነው፣ አባቴ።»

«በቅሎ ታመሰኳለች እንዴ፣ ልጄ? በሬ የዋጠውን መልሶ ያኝካል፤ ነፋሱም በዚያው በአፉ ይወጣል።»

ጋጣ አስገብተው የወይራ እንጨት አግድም አስነከሱት፤ ግራ ጎኑን እያሹም «አይዞህ፣ ቦራ» ይሉታል። የበሬው ስም ዳልቻ ነው፤ ተዋበች ግን አላረመቻቸውም።

ግሳቱ ወጣ። ጎኑ ቀስ እያለ ሟሸሸና ማመስኳት ጀመረ። ጠላ ቀድታ ስትመለስ ሽማግሌው ሳይሰናበቱ ወጥተዋል፤ ምራናቸው በቀንበሯ ላይ ታስሮ ቀርቷል።