ቺን «ደም» ያልኩ ዕለት

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ መርፌ መቁጠር ነበር። አለቃዬ ሚስ ዌን፣ ስፕሪንግ ማውንቴን መንገድ ላይ ትንሽ የቻይና ሕክምና ክሊኒክ ያላት ሴት፣ «አሥራ አራት ከገባ አሥራ አራት ይወጣል፤ አንድ ከጎደለ ማንም ቤቱ አይሄድም» አለችኝ። ያን ቀን አንድም አልጎደለብኝም።

የተቀጠርኩት እንግዳ ለመቀበልና ክፍል ለማዘጋጀት ነው። ሐበሾች መምጣት ሲጀምሩ ግን አስተርጓሚም ሆንኩ። ማንም አላስተማረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። አንዳንዱ ቀላል ነበር። ሚስ ዌን ብርጭቆውን ጀርባቸው ላይ ስትለጥፍ «ዋገምት ነው» እላቸዋለሁ። «አገር ቤት በቀንድ ነበር» ብለው ይስቃሉ። ያስቸገረኝ ቺ ነው።

ሚስ ዌን እንደምትለው፣ ቺ በሰውነት ውስጥ በአሥራ ሁለት መንገዶች ሲዘዋወር የሚኖር ኃይል ነው፤ ከደረት ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ ራስ፣ ከራስ ወደ እግር፣ ከእግር ተመልሶ ወደ ደረት። የተዘጋበት ቦታ ያማል። ሦስት ጣቷን የታማሚው እጅ አንጓ ላይ አሳርፋ ታዳምጠዋለች። ይህን እንግዲህ ለቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ምን ብዬ ልንገር? «መንፈስ» ብል ከነመርፌያቸው ተነሥተው ይሮጣሉ፤ እሑድ ደግሞ የሚጸለይልኝ እኔ ነኝ። ስለዚህ «ደም» አልኩ።

እትዬ አስካለች የመጡት ትከሻቸውን አሟቸው ነው። ካዚኖ ሆቴል ውስጥ ስንት ዓመት አልጋ ሲያነጥፉ ኖረው፣ ቀኝ እጃቸው ከጆሯቸው በላይ አልወጣ ብሎ ነበር። ቅጹ ላይ «ደም ብዛት፣ በየቀኑ ክኒን» ብዬ የሞላሁት እኔው ነኝ። ሚስ ዌን «ትከሻዋ ላይ ቺ ተዘግቷል፤ እንከፍተዋለን» አለች። እኔ «ደምዎ ተዘግቷል፤ እንከፍተዋለን ትላለች» አልኳቸው።

በስድስተኛው ቀጠሮ እጃቸውን ሽቅብ አነሡ። «ተመስገን! ደሜ ተከፈተ እኮ ልጄ!» ብለው አቀፉኝ። ደስ አለኝ፤ ኮራሁም። አላረምኳቸውም።

ከዚያ ሁለት ቀጠሮ ሳይመጡ ቀሩ። ስደውል ያነሣችው እዚህ የተወለደችው ልጃቸው ናት።

«ማሚ ስትሮክ መታት፤ ሆስፒታል ናት። ምንድነው ያልሻት? ‹ደሜ ተከፍቷል፣ ደም ብዛት የለኝም› ብላ ፒሉን ስቶፕ አደረገች።»

ስልኩን ዘግቼ ለሚስ ዌን ነገርኳት።

«ቺን ምን እያልሽ ነበር የምትተረጉሚው?»

«ደም።»

«ለደም እኮ እኛም ሌላ ቃል አለን። ለምን አልጠየቅሽኝም?»

አላወቀችም እንዳልባል ነበር። ይህን ግን ያን ቀን አልነገርኳትም።

ከሆስፒታል ሲወጡ ሴንቴኒያል ሂልስ ሰፈር ያለው ቤታቸው ሄድኩ። ያ ሽቅብ ያነሡት ቀኝ እጅ ጭናቸው ላይ ተጋድሟል። አንድ ነገር ሊነግሩኝ ደጋግመው ሞከሩ፤ ምላሳቸው ግን እሺ አላላቸውም። በሁለት ቋንቋ የምመጻደቀው እኔ ምን እንዳሉኝ አልገባኝም። እስከ ዛሬም አላውቀውም። «ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። በግራ እጃቸው እጄን ያዙኝ፤ ምሕረት ይሁን፣ ወይስ ልማድ፣ እሱንም አላውቅም።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሠራሁ። አሁን ለቅቄያለሁ። በእኔ ወንበር ለምትቀመጡ የምነግራችሁ ይህን ነው፤ ቃል ሲጠፋችሁ ጠፋኝ በሉ። እኔ በኋላ ላይ ለመጣው ሁሉ እንዲህ እል ነበር፦ «ቺ ይሉታል። በአማርኛ ቃል የለኝም። ደም አይደለም፣ መንፈስም አይደለም። የሐኪምዎን ክኒን እንዳያቋርጡ።»

ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።