በስኳር ደብተሩ ውስጥ የቀረው ዝርዝር

ባሌ ገብረዋሕድ ፈሪ ነው። ሰው ፊት ስለው ይቆጣል፤ ይቆጣ! ዓዲግራት ተወልዶ ቦሌ ኤርፖርት ሬዲዮ ጠጋኝ የሆነ ሰው በደርግ ጊዜ ደፋር ቢሆን ኖሮ ዛሬ አብረን ቡና አንጠጣም ነበር። ስሙን ሲሰሙ ዓይናቸውን የሚያፈጡ ነበሩ። "ከየት ነህ?" ሲሉት "ከኤርፖርት" ይላል። ሌላ መልስ አልነበረውም።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ምን ቆርጦት ኮምፒዩተር ልሥራ አለ? እኔ ሚስቱ ፈለቀች ሃያ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ነገሩ የጀመረው በ1977 ዓ.ም. ነው። አንድ ፈረንጅ አውሮፕላን ላይ ጥሎት የወረደ መጽሔት እጁ ገባ። ሰው በገዛ ቤቱ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ኮምፒዩተር እንዴት እንደሚገጥም በሥዕል ያስተምራል። እኛ አገር ያኔ ኮምፒዩተር ማለት ትልልቅ መሥሪያ ቤት ከመስታወት ጀርባ የሚቀመጥ፣ ነጭ ካፖርት የለበሱ ብቻ የሚነኩት ነገር ነበር።

"ፈሌ፣ ጠረጴዛ እኮ አለን" አለኝ።

ጠረጴዛማ አለን፤ አንድ እግሩ በጡብ የቆመ!

ዕቃ መምረጥ ማለት ለእኔ ጥሩውን ሽንኩርት ከበሰበሰው መለየት ነበር። የገብረዋሕድ ምርጫ ግን ሌላ ነው። አንድ ዕቃ ባነሳ ቁጥር ራሱን የሚጠይቀው "ቀበሌ መጥቶ ይህ ምንድነው ቢለኝ ምን እላለሁ?" እያለ ነው። ትራንስፎርመሩን መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄዶ ከተሰባበረ ሬዲዮ ላይ ነቅሎ ገዛ፤ የቤታችን ሬዲዮ መለዋወጫ ነው ይባላል። ለማያ የራሳችን ቴሌቪዥን አለ። የፊደል ቁልፉ ላይ ግን ሁለት ሳምንት ተጨነቀ። ሙሉ ፊደል ያለው ቁልፍ ከሩቅ ሲያዩት የጽሕፈት መኪና ይመስላል፤ የጽሕፈት መኪና የተገኘበት ሰው ደግሞ ወረቀት በታኝ ተብሎ ምን እንደሚደርስበት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ሃያ ቁልፍ ብቻ ያላትን፣ የሂሳብ ማሽን የምትመስለውን መረጠ። በሷ አንድ ፊደል ለመጻፍ ሁለቴ ሦስቴ መጫን ነው። "ጣት ቢደክም ይሻላል" አለ። ሣጥኑስ? የሠርጋችን የማንኪያ ሣጥን! ማንኪያዎቼን በላስቲክ ጠቅልሎ አስረከበኝ፤ እኔም አፌ እንዳመጣልኝ ሰደብኩት።

እዚህ አገር የማይገኙት ቀሩ። ጥቋቁር፣ ጥፍር የሚያካክሉ፣ ግራና ቀኝ እግር የበዛባቸው ነገሮች ናቸው። አንዱ የሚያስበው ነው፤ ስምንቱ የሚያስታውሱት። ለሚያስታውሱት ሁለት ምርጫ ነበረው። ርካሹ ሦስት ዓይነት ቮልት ይፈልጋል፤ ውዱ በአንድ ይበቃዋል። ወር ሙሉ ሲያወጣ ሲያወርድ ከርሞ ውዱን መረጠ። ሦስት ቮልት ብዙ ሽቦ ነው፣ ብዙ ሽቦ ደግሞ ብዙ ጥያቄ ነው አለኝ።

ያኔ ከውጭ ዕቃ የሚፈልግ ሰው ለሆስተስ ዝርዝር ይሰጣል። የገብረዋሕድ የአክስት ልጅ ትብለጽ ሆስተስ ናት፤ ፍራንክፈርት ትበራለች። ጫማ፣ መድኃኒት፣ የሕፃን ወተት፣ ያልተላከችው የለም። ገብረዋሕድም ጻፈላት። ፈሪ ነው ብያችሁ የለ? የዕቃውን ስም አልጻፈም። አንድ የእንግሊዝኛ ዜድና ቁጥር ብቻ፦ Z80 – 1፣ 4164 – 8፣ 2764 – 2፣ እንዲህ እያለ እስከ ታች። ስም ቢጽፍበት ኖሮ የሬዲዮ ቤት ዝርዝር በሆነ። ፍርሃቱ ራሱ ወረቀቱን የሰላይ ወረቀት አስመሰለው።

የቀረው ጥፋት የእኔ ነው፤ አልክድም። ሐምሌ 1978፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ዝርዝሩን ለትብለጽ ላድርስ ብዬ በኅብረት ሱቅ ደብተሬ ውስጥ ሸጎጥኩት። መንገድ ላይ "ስኳር መጥቷል!" ተባለ። ስኳር መጥቷል ተብሎ ማን ዝም ብሎ ያልፋል? ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ ደብተሩን እንዳለ ለሻጩ ሰጠሁት። ገለጠ፣ ምልክት አደረገ፣ መለሰልኝ። ሁለት ኪሎ ስኳሬን ታቅፌ ደስ እያለኝ ትብለጽ በር ላይ ደርሼ ደብተሩን ብገልጠው ወረቀቱ የለም።

ወይ ጉዴ!  እንዴት ቤት እንደደረስኩ አላውቅም። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። አልጮኸም። ሰምቶኝ ሲያበቃ ተነሣና በሸሚዙ ላይ ሹራብ፣ በሹራቡ ላይ ሌላ ሹራብ ደረበ። ከዚያ በሩን እያየ ተቀመጠ። ብርድ መስሏችሁ እንዳይሆን። በዚያ ዘመን ቤቱ ውስጥ ሁለት ሹራብ የሚደርብ ሰው መጥተው ወስደው ሲሚንቶ ላይ እንደሚያሳድሩት የሚያውቅ ነው። ያን ጊዜ ነው ማልቀስ የጀመርኩት።

ሰዓት አልሞላም፣ በሩ ተንኳኳ። የቀበሌው ጥበቃ ቀጀላ ነው፤ ጠመንጃውን አንግቶ ካፖርቱ ላይ ዝናብ ይንጠባጠባል።

"ፈለቀች፣ ሊቀ መንበሩ ይፈልጉሻል።"

"እኔን?"

"ወረቀቱ የወጣበት ደብተር ባንቺ ስም ነው አሉ።"

ገብረዋሕድ "ወረቀቱ እኮ..." ብሎ ሲነሳ ክንዱን እስኪሰማው ቆነጠጥኩት። የእሱ ነው ከተባለ፣ በዚያ ስም፣ በዚያ ሥራ፣ ሬዲዮ እየነካካ፣ አይመለስም። ነጠላዬን አጣፋሁና ቀጀላን ተከተልኩት።

ሊቀ መንበሩ ጓድ አያሌው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በሁለት ጣቱ ይዞታል።

"ይህ ምንድነው?" አለኝ።

አያችሁ ጥያቄውን? ዓመት ሙሉ ለእያንዳንዱ ብሎን መልስ ስናዘጋጅለት የከረምነው ጥያቄ! ለወረቀቱ ብቻ አላዘጋጀንም። ኮምፒዩተር ብል ማን ያምነኛል? የሬዲዮ ብል ባሌን በገዛ አፌ አሳልፌ ሰጠሁት። ዓይኔ ሲቅበዘበዝ ስልኩ ሥር የተነጠፈ ዳንቴል ላይ ወደቀ።

"የክር ቁጥር ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር። የዳንቴል። ሆስተስ እንድታመጣልኝ ነው።"

 አያሌው አየኝና ቀጀላን "ጓድ ምንትዋብን ጥራቸው" አለው።

በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ። እትዬ ምንትዋብ የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው። ስልኩ ሥር ያለውን ዳንቴል የሠሩት እሳቸው፣ ለሰፈሩ ሴት ሁሉ ኪሮሽ የሚያስተምሩትም እሳቸው። ሰው ከአያሌው ይልቅ እሳቸውን ይፈራል፤ ስቀው አይታወቁም። ገቡ፤ መነጽራቸውን አደረጉ፤ ወረቀቱን አነሱ። አነበቡት። እንደገና አነበቡት። ቀና ብለው እኔን ሳይሆን ጭቃ የነካ ጫማዬን አዩ። 

"ነው" አሉ። "የክር ቁጥር ነው። ስምንቱ ነጭ ነው።"

"ዜዱስ?" አለ አያሌው።

"ማርካው ነዋ።"

አያሌው ግን እንዲህ በቀላሉ የሚለቅ አይደለም። "እንግዲያው ለመስከረም ሁለት የአብዮት በዓል የእጅ ሥራ ትርዒት አለን። ሠርተሽ ታቀርቢያለሽ። ካላቀረብሽ እንነጋገራለን" አለኝ። ወረቀቱን እትዬ ምንትዋብ "ፋይል አደርገዋለሁ" ብለው አጥፈው ያዙት።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እኔ በዕድሜዬ ኪሮሽ ይዤ አላውቅም!

ትብለጽ ያመጣችልኝን ክር ይዤ እትዬ ምንትዋብ ዘንድ ለመማር ሄድኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ የሠራሁት የውሻ ጆሮ የሚመስል ነገር ነው። ቀኑ እየሮጠ ነው። ገብረዋሕድ ሹራቦቹን አላወለቀም፤ መኪና በሰፈር ባለፈ ቁጥር ይነሳል። አንድ እሑድ ከሰዓት ኪሮሹን ወርውሬ ስነፋረቅ አነሣውና ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየው። "ይሄ እኮ ሽቦ መጠምጠም ነው" አለ።

እመቤቴ ምስክሬ ናት፣ ዳንቴሉን የሠራው እሱ ነው። መጋረጃውን ዘግተን፣ እኔ መስኮት ሥር ቆሜ እየጠበቅሁ። ወንድ ልጅ ኪሮሽ ይዞ ቢታይ ሌላ ጉድ ነው። ወረቀት ላይ ነጥብ ነጥብ እያደረገ እንደ ሬዲዮ ንድፍ አወጣው። መሐል አንድ ትልቅ አበባ፣ ዙሪያውን ስምንት ነጭ። "አሳቢው መሐል፣ አስታዋሾቹ ዙሪያውን" ሲለኝ ከፍርሃታችን ጋር ሳቅን።

መስከረም ሁለት ዳንቴሉ ቀበሌው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። አያሌው ፊቱን አስጠግቶ አበቦቹን ቆጠራቸው፤ እኔ ፊት፣ በጣቱ። ስምንት ሲሞሉለት ወደሚቀጥለው ሥራ አለፈ። 

ሰው ሲበተን እትዬ ምንትዋብ ዳንቴሉን አውርደው ሲያጥፉልኝ በመሐሉ ወረቀቱን ሸጎጡት። ፋይል አላደረጉትም፤ ሁለት ወር ደረታቸው ውስጥ ነበር የያዙት።

"ሁለተኛ አትጻፉት። በቃላችሁ ያዙት" አሉኝ ቀስ ብለው።

"እትዬ፣ የክር አለመሆኑን ያውቁ ነበር?"

"የኔ ልጅ በሰባ ዓመተ ምሕረት ሲያዝ ኪሱ የተገኘው የኬሚስትሪ ጥናቱ ነበር። እንዲህ ያለ ፊደልና ቁጥር።" ዳንቴሉን እጄ ላይ አደረጉልኝ። "ክር ነው የሚልለት ሰው አልነበረም።"

ዳንቴሉን ደረቴ ላይ ታቅፌ ወደ ቤት ሄድኩ። 

ወረቀቱን አቃጠልነው። ትብለጽ ቁጥሮቹን በቃሏ ይዛ በረረች፤ እኔም ዛሬ ድረስ ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ እወጣቸዋለሁ። ጥቋቁሮቹ ዕቃዎች ጥር ላይ መጡ። ሚያዝያ ውስጥ፣ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ገብረዋሕድ የማንኪያ ሣጥኑን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘና ቁልፉን ጫነ። መስታወቱ ላይ ትንሽ ነጭ ነጥብ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። 

"መጀመሪያ ምን ልጻፍ?" አለኝ።

"የእትዬ ምንትዋብን ልጅ ስም ጻፍ" አልኩት።

ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ ጠበቀኝ። "ማን ይባላል?"

አላውቀውም። እሱም አያውቀውም። አምስት ቤት ርቀን የምንኖር ሰዎች፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ስሙን ሰው ፊት የሚጠራ አልተገኘም፤ እኛም ሄደን ለመጠየቅ ፈራን። ነጥቡ ጥቂት ብልጭ ድርግም እያለ ጠበቀን። ከዚያ መኪና በሰፈሩ ሲያልፍ ሰማንና አጠፋነው።