ለወንድሜ የወጣው ደቦ

ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ እኔ ከሦስተኛ ክፍል ወጥቼ እርፍ ያዝሁ። አባታችን ወገቡን ያመው ነበርና ቆሰበር ከተማ ዳር ካለው መሬታችን ከአቅሜ በላይ የሆነውን ጎረቤት በደቦ አረሰልን። በእኛ አገር ለቅስና ለሚማር ልጅ ቤት እንዲህ ይታረሳል፤ ተምሮ ሲመለስ የሚያገለግለው ደብሩን ነዋ። ሰዉ ዩኒቨርሲቲውንም እንደዚያው ቆጠረው። የሚማረው ስለ እርሻ ነው ሲባልማ ደስታው ልክ አልነበረውም።

ኋላ ድንቹ መታመም ጀመረ። ቅጠሉ ይጠቁራል፣ ሥሩ ይበሰብሳል። ክረምትን የምንሻገረው በድንች ነበር። አንዱን ዓመት እንደምንም አለፍን። በሁለተኛው አባቴ እህቴን ትክ ብሎ አያትና፣

«ዘንድሮም ካልያዘልን ይቺን ልጅ ዳንግላ ሰው ቤት እናስገባታለን» አለ።

እናቴ «ወንድሟ ይምጣና» ብላ ለመነችው።

መጣ። ትምህርቱን ጨርሶ፣ ሥራ ይዞ፣ በኩባንያ መኪና መጣ። ጎረቤቱ የበሰበሰ ድንቹን እየታቀፈ ደጃችንን ሞላው። ወንድሜ አንዱን ሰንጥቆ አየና፣

«በሽታ ነው። ከዚህ ዘር አትትከሉ፤ ንጹሕ ዘር ከሌላ አገር መምጣት አለበት» አለ።

«እሺ፣ መቼ ታመጣልናለህ?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«እኔማ አባባ፣ የተቀጠርሁት ቆላ፣ የጥጥ እርሻ ነው። ነገ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።»

አንዲት ባልቴት በአዊኛ «እሰይ! ክረምት ሲገባ ጥጥ ቀቅለን እንበላለና» አሉ። ሰዉ ሳቀ፤ ወንድሜ አልሳቀም።

«ዩኒቨርሲቲው ለድንች የሚሆን ሰው አላስተማረም?» አለው አባቴ።

«አስተምሯል አባባ። ለድንች ብሎ የሚቀጥረን ነው ያጣነው።»

«እኛ አለን አይደል?»

ወንድሜ መሬት መሬቱን አየ። «እናንተ ምን ትከፍላላችሁ» ሊል እንደነበር ፊቱ ያስታውቃል። አላለውም፤ ክፉ ልጅ አልነበረም። አገር አርሶ ያስተማረው ልጅ ለሚከፍል ብቻ እንዴት እንደሚሆን ግን ዛሬም አልገባኝም።

ሲነጋ ሄደ። ዘር ፍለጋ ጥሊሊ ገበያ ሄድሁ፤ እዚያም ያው በሽተኛ ድንች ነው። ሌላ ስላልነበረን ከእኛው ደህና የመሰለውን መርጠን ተከልን። አበባ ሳያወጣ ጠቆረ።

ሐምሌ ላይ እህቴን በፈረስ አፈናጥጬ ዳንግላ ያደረስኋት እኔ ነኝ። ከሰዎቹ በር ስንደርስ፣

«ወንድማችን ቢሰማ ይመጣል?» አለችኝ።

ልብሷን አቀበልኋትና ፈረሱን አዞርሁ።