የአባቴ ጋቢ ጆንያ የገባ ጊዜ

የድኝ ቅባት የገማ እንቁላል ነው የሚሸተው፤ ማሳመር አያስፈልገውም። ሞጣ ጤና ጣቢያ መድኃኒት ክፍል ከተመደብኩ ገና ሁለት ሳምንቴ ነው። ባለፈው ማክሰኞ እከክ የያዘው ልጅ አዝላ ለመጣች ሴት ልሰጣት የቅባቱን ክዳን ስከፍት ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። ወረፋው በር ድረስ ተሰልፎ እኔ ፈገግ አልኩ። እትዬ ብርቄ ትዝ አለችኝ።

ልጅ ሆኜ ቢቸና ዳር ነበር የምንኖረው። እትዬ ብርቄ የቀበሌያችን ጤና ኤክስቴንሽን ነበረች፤ አጭር፣ ፍንጭት፣ ሰማያዊ ቦርሳዋን አንግታ በፕላስቲክ ጫማ ጭቃውን እየረገጠች ከቤት ቤት የምትዞር። ድምፅዋ ከሷ ቀድሞ ነበር ደጃፍ የሚደርሰው።

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ እከክ ያዘኝ። መጀመሪያ ጣቶቼ መሃል፣ ከዚያ አንጓዬ፣ ከዚያ ወገቤ። እናቴ ጠበል ወሰደችኝ፤ ቅባትም ተቀባሁና ዳንኩ። በወሩ ተመለሰ። ደግሜ ተቀባሁ፣ ደግሞ መጣ። አብራኝ የምትቀመጠው ዘነቡ ዴስካችንን በጠመኔ ለሁለት ከፈለችው። "ከዚች መስመር ውልፍት እንዳትዪ!" ለፈተና ሦስት ሳምንት ሲቀረው መምህራችን "ሳትድኚ እንዳትመጪ" ብሎ ወደ ቤት ሰደደኝ። ከክፍሉ አንደኛ ነበርኩ። እንዴት እንዳለቀስኩ አትጠይቁኝ።

እትዬ ብርቄ ይህን ሰምታ መጣች። መደቡ ላይ ተቀመጠችና ቤቱን ቃኘችው።

"ስንት ናችሁ?"

"ስድስት ነን። የሚያሳክካት ግን እሷን ብቻ ነው" አለች እናቴ ቶሎ ብላ። ውሸቷን ነው፤ ታናሽ ወንድሜ አጠገቧ ቁሞ ሆዱን ይፎክታል።

የእትዬ ብርቄ ዓይን አባቴ የለበሱት ጋቢ ላይ ቆመ። አባቴ መሪጌታ ናቸው። እሁድ ከቅዳሴ ሲመለሱ አራታችንም እየተሻማን ጋቢያቸው ውስጥ እንወሸቃለን፤ ያደግነው እዚያ ውስጥ ነው። የኔ ልብስ ስንቴ ተቀቅሏል። ጋቢውን ግን የነካው የለም። ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱበት ነዋ! ማን ይደፍራል?

"መሪጌታ፣ ጋቢዎን ያውልቁልኝ።"

"ኧረ አንቺ ልጅ! እኔን ምን አሳከከኝ?"

"ሳያሳክክም ወር ይቀመጣል፤ ሁላችሁም ካልተቀባችሁ ልጅቷን መልሶ ይይዛታል። እስቲ እጅዎን ያሳዩኝ።"

እጃቸውን ጋቢው ውስጥ ከተቱ። እናቴ መሬት መሬት ታያለች።

"እሺ፣ አይቀቡ። ልጅዎም ፈተናው ይለፋት። እኔ ግን ከዚህ አልነሳም፤ እራትም እዚሁ ነው የምበላው።"

አባቴ እኔን አዩኝ። ከዚያ ጋቢውን አወለቁት። ጣቶቻቸው መሃል እንደኔው ቆሳስሏል። ለካ አፍረው ነው፤ መሪጌታው እከክ ያዛቸው እንዳይባል።

ስድስታችንም ከአንገታችን እስከ እግር ጣታችን ተቀባን፤ ሦስት ቀን በተከታታይ። ቤቱ ገማ። አንሶላው፣ ልብሱ ሁሉ ተቀቀለ። ጋቢውን እናቴ "ይኮማተራል" ብላ ሳሳችለት። እትዬ ብርቄም ማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ከተተችውና አፉን ጥፍር አድርጋ አሰረችው። "ሰባት ቀን ማንም እንዳይፈታው። ተባዩ የሰው ገላ ካጣ ይሞታል።" እሁድ አባቴ የእናቴን ነጠላ ለብሰው ሄዱ፤ ጥለቱን ወደ ውስጥ አጥፈው።

ማሳከኩ ወዲያው አልለቀቀኝም። "አይዞሽ፣ ተባዩ ሙቶም ቆዳሽ ትንሽ ይቆጣል" አለችኝ እትዬ ብርቄ። እውነቷን ነበር። ተፈተንኩ። ዘነቡም መስመሯን በክንዷ ጠረገችው። እትዬ ብርቄ በዓመቱ ወደ የጁቤ ተዛወረች፤ ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

ሞጣ ፊቴ የቆመችው ሴት ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ሱቋን ክፍት ትታ ነው የመጣች። "እሱን ብቻ ነው የሚያሳክከው፤ ቶሎ ስጪኝ በይ" አለችኝ። እኔም ቸኩያለሁ። ቅባቱን ዘረጋሁላትና መልሼ ሳብኩት።

"ቤት ውስጥ ስንት ናችሁ? ልጁስ ከማን ጋር ነው የሚተኛው?"

መሬት መሬት አየች፤ ልክ እንደ እናቴ።

"ከአያቱ ጋር" አለች ቀስ ብላ። "እሳቸው ግን በጄ አይሉሽም።"

"ቤታችሁን ንገሪኝ፤ ከሥራ ስወጣ እመጣለሁ" አልኳት። "እምቢ ካሉኝ እራትም እዚያው ነው።"