የባቄላ ዘመድ

ልጅ ሳለሁ እናቴ ኦክላንድ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የማታ ፈረቃ ትሠራ ስለነበር፣ ከትምህርት ቤት መልስ እሷ እስክትመጣ የምቆየው ከእኛ በታች ባለው ፎቅ ብቻቸውን ይኖሩ በነበሩት በጋሽ ወርቁ ቤት ነበር። ጋሽ ወርቁ አገር ቤት ሳሉ ዕፅዋት እየሰበሰቡ፣ እያደረቁ፣ በየስማቸው እየለዩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እዚህ ግን የመኪና ማቆሚያ ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ ወጡ። ቤታቸው የደረቀ ሣር ይሸታል። በመኸር ማዶ ያለው ደን ሲቃጠልና ጭሱ ከተማውን ሲያለብሰው መስኮቱን ሁሉ ዘግተን፣ አንገቷ የተቆለመመውን የጠረጴዛ መብራት አብርተው፣ በጋዜጣ መሐል ያስተኟቸውን ቅጠሎች እያገላበጡ ተረት ይነግሩኝ ነበር። ያኔ ሌሎች ልጆች ስለ ጅብና ስለ ጦጣ ሲሰሙ እኔ የምሰማው ስለ ሁለት እንግሊዛውያን ነበር።

ስማቸውን ነግረውኝ ከሆነም ረስቼዋለሁ። አንዱ ለንደን የሚኖር መድኃኒት ቀማሚ፣ ሌላው የገጠር ቄስ፣ ሁለቱም ተክል ያሳበዳቸው። በዕድሜያቸው የተገናኙት ሁለት ጊዜ ብቻ ሲሆን ወዳጅነታቸው የቆመው በደብዳቤ ነው። ቄሱ ከአጥር ሥር ያገኘውን አድርቆ ይልካል፤ ቀማሚው «ተሳስተሃል ወዳጄ» ብሎ ይመልሳል። ሚስት ስትሞት፣ ልጅ ሲታመም፣ ኀዘናቸውን የሚጽፉት ከቅጠሉ ስም ግርጌ በሁለት መስመር ነው። ጋሽ ወርቁ እዚህ ሲደርሱ ድምፃቸው ይወርዳል። ከዕለታት አንድ ቀን ሁለቱ ተጣልተው ለዓመታት ሳይጻጻፉ ቆዩ፤ በኋላ ቀማሚው ማንም የማያውቀው አበባ አገኘና በቄሱ ስም ሰይሞ ያለ አንዳች ቃል ላከለት።

«ሶሪ እንኳን አላለውም?» አልኳቸው።

«ምን ይበለው? አበባው አለለት እኮ! ለእኛ ለተክል ሰዎች ተክል የሌለበት ደብዳቤ ምስክር የሌለው ክስ ነው» አሉኝ። ሰማሁ እንጂ አልገባኝም።

እሳቸውም እንዲህ ያለ ወዳጅ ነበራቸው። ጋሽ ሰሎሞን ይባላሉ፤ አገር ቤት አብረው ተራራ የወጡ፣ እዚህ ደግሞ ሚልፒታስ በአንድ ፋብሪካ ሠርተው ሳን ሆዜ የተቀመጡ ሰው ናቸው። ስልክ እያለ፣ መንገዱም የአንድ ሰዓት መንገድ ሆኖ ሳለ፣ ሁለቱ በየሳምንቱ የደረቀ ተክል ያለበት ደብዳቤ ይላላኩ ነበር። እማዬ «እነዚህ ሽማግሌ ፍቅረኞች» እያለች ትስቅባቸው ነበር።

የተጣሉት ፍሪሞንት በተደገሰ ክርስትና ላይ ነው። ጋሽ ሰሎሞን ከኦክላንድ ኮረብታ ስለሚበቅል አንድ የዱር ሐረግ አንስተው «የባቄላ ዘመድ ነው» አሉ፤ ጋሽ ወርቁ «የጓያ ነው» አሉ። ልዩነቱ በአበባው ሆድ ውስጥ ያለ፣ ያለ ማጉያ መነጽር የማይታይ ጠጉር ነው። በሳቅ የተጀመረው ነገር እየከረረ ሄዶ ጋሽ ወርቁ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አንተ ድሮስ መቼ አይተህ ታውቃለህ! ዕድሜህን የእኔን ወረቀት ስትገለብጥ የኖርክ!» አሏቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ጋሽ ሰሎሞን ሳህናቸውን አስቀምጠው ወጡ፤ ደብዳቤውም በዚያው ቆመ።

በሚቀጥለው ዓመት አበባ ሲወጣ ጋሽ ወርቁ እኔን ይዘው በአውቶቡስ ወደ ኮረብታው ሄዱ። የመንገዱ ዳር ታጭዶ ኖሮ ያገኘነው አንዲት ሐረግ ብቻ ነበር። ማጉያ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ አጎንብሰው ቆዩ፤ ያዩትን ግን አልነገሩኝም። እኔም እንዳሸነፉ ቆጠርኩት። ዐሥር ቀን ሙሉ ጋዜጣውን እየለወጥን አደረቅናት። ከዚያ ጻፉና አነበቡልኝ፦ «ሰሎሞን ሆይ፣ የላክሁልህን ተመልከትና ፍረድ። ሌላ ቃል የለኝም።» ሐረጊቱን ከወረቀቱ ጋር በፖስታው ከትተው ሰጡኝ። ሙጫውን በምላሴ አርጥቤ ማሸግና ሳጥን ውስጥ መክተት ምንጊዜም የእኔ ሥራ ነበር።

በማግስቱ በክፍላችን እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ የሚያሳየው ነገር ይዞ መምጣት ነበረበት። እኔ ምንም አልነበረኝም። ደብዳቤ ማለት ቃሉ ነው፣ አበባው ጌጥ ነው ብዬ አሰብኩ። ሐረጊቱን ለክፍሉ አወጣኋት፤ ፖስታውን አሽጌ ላክሁት።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ወርቁ መጠበቅ ጀመሩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ገና ከበሩ፣ «ከሰሎሞን የመጣ የለም?» ይሉኛል። «የለም ጋሼ» እላለሁ። ክረምቱ አልፎ ትምህርት ሲከፈት መልሱ የቀረው በእኔ እንደሆነ ይገባኝ ጀመር፤ ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ነገን አሳደርኩት። በዚያው መኸር፣ ጭሱ እንደገና ከተማው ላይ በወረደበት ሳምንት፣ የጋሽ ሰሎሞን ልብ ቆመ።

ለቅሶው ላይ እኔና እማዬ አጠገባቸው ተቀምጠን ነበር። እዚህ ያደገችው የጋሽ ሰሎሞን ልጅ መጥታ እግራቸው ሥር ተንበረከከች። «ጋሼ፣ ከደብዳቤው ሌላ ኢንቨሎፑ ኤምፕቲ እኮ ነበር። ዳዲ ቼክ አደረገው፣ አራገፈው፣ እንደገና አራገፈው። ‹ፍረድ ይለኛል፣ ምኑን ልፍረድ? አሁንም ይቀልድብኛል› ብሎ አለቀሰ።»

ጋሽ ወርቁ እጆቻቸውን አዩ። «ሳላስገባው ቀርቼ ነው» አሉ። «እርጅና ነው ልጄ። እርጅና።»

ጋሽ ወርቁ ከዚያ ቀን ወዲህ ራሳቸውን ማመን ተዉ። ምድጃውን አጥፍተው ሦስት ጊዜ ተመልሰው ያያሉ፤ ቁልፋቸውን ለእማዬ ሰጡ፤ ጋዜጦቻቸውን ሰብስበው ጣሉ። ተረቱም ቀረ።

የነገርኳቸው ዐሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ነው። እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ፣

«ምን ብለሽ ጻፍሽባት?» አሉኝ።

«ምን ላይ?»

«ሐረጊቱ ላይ ነዋ። ስሟን።»

«እርስዎ የሚሉትን ነው ጋሼ። የጓያ ዘመድ። ከሥር ደግሞ የእርስዎን ስም።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «የባቄላ ነበረች» አሉ። «ልክ ሰሎሞን ነበር። እሱን ልነግረው ነበር።» እጄን ያዙና ይቅር አሉኝ፤ ከልባቸውም ነበር። በዓመቱ ዐረፉ።

አሁን ሳስበው ከእነዚያ ምሽቶች የቀረልኝ የእንግሊዞቹ ወዳጅነት አይደለም። የቀረልኝ ያ ከአበባ እስከ ጭስ ያለው ወራት ነው። ሳን ሆዜ ያሉት ሽማግሌ ወዳጃቸው የቀለዱባቸው መስሏቸው፣ ኦክላንድ ያሉት ሽማግሌ ይቅርታ የተነፈጉ መስሏቸው ከረሙ። ሁለቱም ተሳስተው ነበር። ይህን በዓለም ላይ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ በየማታው ከአንዳቸው ጋር ራት እበላ ነበር።